ክዳን ከፋቹ አጎቴ

ክዳን ከፋች የሌለበት ቤተሰብ አይቼ አላውቅም። ታውቁታላችሁ። ማንም ሳይጠራው ማድ ቤት ይገባል፣ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ሁሉ በየተራ ይከፍታል፣ አጎንብሶ ያሸታል፣ ከየት እንዳመጣት በማትታወቅ ማንኪያ ይቀምሳል፣ ከዚያ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት የምትገድለው። ወጡን የሠራችው ሴትዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፍርዷን ትጠብቃለች። ፍርዱ ደግሞ ከአዳም ጀምሮ አንድ ነው፤ "አንድ ነገር ጎድሎታል።"

በእኛ ቤተሰብ ይህ ሹመት የእናቴ ወንድም የክቡር አቶ አንዞር ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸው ግን እንዳልተገኘ ሁላችንም እናውቃለን። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የወይን ተክል መደገፊያ እንጨት ያህል ቀጭን ናቸው፤ ሚስታቸው እትዬ ላማራ "መቅመስ እንጂ መብላት መች ያውቅና!" ይላሉ። በራሳቸው ሠርግ ቀን ሙሽራዋን ጥለው ማድ ቤት ገብተው የተገኙ ሰው ናቸው። ትርፍ አንጀት ተሠርተው ከሰመመን ሲነቁ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያው ቃል "የጎን አልጋው ሰውዬ ሾርባ ውስጥ ድንብላል የለም" የሚል ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት የሟችን ሚስት እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እየፈሰሰ፣ "እግዜር ያጽናሽ እህቴ፣ ደግ ሰው ነበር። ሩዙ ግን አንድ ነገር ጎድሎታል" ብለዋታል።

ምስጋና ከአፋቸው አይወጣም። ትልቁ ሽልማታቸው "ይበላል" ነው፤ እሱንም በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሰጡት። እትዬ ላማራ ቀኖቹን ከነወቅታቸው ያስታውሷቸዋል። የሚያናድደው ነገር ምን መሰላችሁ? ሰውዬው ልክ ናቸው። ጎድሏል ያሉት ሲጨመር ምግቡ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህም በፀደይ ወራት፣ ከመሬት ተቀብሮ የከረመው የወይን ጋን ሲከፈት፣ በመንደራችን ማንም አይጠራቸውም፣ ያለ እሳቸው ግን ማንም ጋኑን አይከፍትም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ አሁን ስለ ራሴ አንድ ኃጢአት ልናዘዝ ነው። በዚህ ዓምድ በየሳምንቱ ስለ ምግብ ስጽፍላችሁ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ወይን ለቀማው ባለቀ ማግስት፣ ክፉ ጉንፋን ያዘኝ። በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ፤ ሲሄድ ግን አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ማሽተት የለ፣ ማጣጣም የለ። ዳቦው ጥጥ፣ አይቡ ሳሙና ሆነብኝ። ሰዓት ሲደርስ ነው የምበላው እንጂ ርቦኝ አልነበረም። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለኝ፤ ይህንን ለማለት ስንት ዓመት ተማረ?

ለማንም አልተናገርኩም። አፍንጫ የሌላትን የምግብ ጸሐፊ ማን ያነባል? ሰባት ወር ሙሉ ከትዝታዬ እየቀዳሁ ጻፍኩላችሁ። በጥር ስለ ደበርጃን አሠራር ስጽፍ አንዲት የኩታይሲ ከተማ አንባቢ "እመቤት ዳሬጃን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሰው ይገድላል" ብላ ደብዳቤ ልካ ነበር። እውነቷን ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ታዲያ ከምኖርበት ከተማ ከትቢሊሲ ወደ መንደሬ ወረድኩ። የአጎቴ ጎረቤት ቴንጊዝ ጋኑን የሚከፍትበት ቀን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድን ከጋን ጋን እየዞርን ልንቀምስ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመንገዱ መጀመሪያ ምራቄን እየዋጥኩ ነበር የምሄደው። ያን ቀን ግን ልክ ጥርስ ልትነቀል እንደምትሄድ ሴትዮ ነበርኩ።

በእኛ መንደር ጋን ሲከፈት ሕግ አለው። የመጀመሪያውን ጽዋ እንግዳ ይጠጣል፤ እንግዳው ሳይናገር ማንም አይናገርም። እንግዳው ከተናገረ በኋላ ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ የለም፤ እንግዳ የእግዜር ነውና። ከመንደሩ ወጥቶ ከተማ የገባ ሁሉ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገም ቢሆን፣ በእንግዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ጽዋው የእኔ ሆነ።

ቴንጊዝ የጋኑን አፍ የዘጋውን ጭቃ ሰብሮ ክዳኑን አነሳ፣ በቅል ጭልፋ ቀዳና በሸክላ ጽዋ ሰጠኝ። ሰባት ጎረቤቶች ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከበውኛል። አጎቴ አንዞር ከኋላ፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ጠጣሁ። እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ጉሮሮዬን ትንሽ ነካ ሲያደርገኝ "ጠንካራ ወይን ነው ማለት ነው" ብዬ ገመትኩ። ከዚያ ከራሴ የድሮ ጽሑፎች ላይ ገልብጬ፣

"ቴንጊዝ! ድንቅ ነው! እንዲህ ያለ የተረጋጋ፣ የበሰለ፣ ሰውን የሚያቅፍ ወይን ከቀመስኩ ዓመታት አልፈዋል!" አልኩ።

ቴንጊዝ ፊቱ በራ። ለራሱ ቀድቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ጺሙ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ የደስታ እንባ መስሎኝ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረግኩት።

"እ... እንግዳችን እንዳለችው ነው" አለ በቀጠነ ድምፅ።

ጽዋው ዞረ። አንዱ ጎረቤት "ድንቅ ነው!" ብሎ ሳል ጀመረው። ሌላው "ጉሮሮ ያጸዳል" አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ቆየት ብዬ ሳይ ጫማው ክር የለውም። በመጨረሻ አንዞር ጋ ደረሰ።

አሸተቱት። አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ጠጡት፣ ጽዋውን እስከ ታች። ጣሪያ ስላልነበረ ዓይናቸውን ሰማዩ ላይ ሰቀሉ። "አሁን ቴንጊዝን ጉድ ሊያደርጉት ነው" ብዬ እኔ ራሴ ተጨነቅኩለት።

"ምንም አልጎደለውም" አሉ።

የቴንጊዝ ጭልፋ ከእጁ አመለጠ። እኔ ደግሞ ክው አልኩ። አንዞር፣ እናታቸው የጋገሩላቸውን ዳቦ እንኳ ያላመሰገኑት አንዞር፣ ምንም አልጎደለውም ካሉ፣ ያ ነገር ምን ያህል ተበላሽቶ ነው? ዙሪያዬን አየሁ። ሰባቱም ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። እንግዳ ያመሰገነው ወይን አይደፋም። በዚያ ጋን ለእንግዳዋ ጤና ተጠጣ፣ ለሰላም ተጠጣ፣ ለሞቱት ተጠጣ። ቴንጊዝ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልቶ "ለመንገድሽ" ብሎ አስታቀፈኝ። አንዞር አንዷንም ጽዋ አላለፉም፤ እየጠጡም ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ የቴንጊዝን አጥር እንዳለፍን ቆሙ።

"ዳሬጃን።"

"አቤት ጋሼ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ልጄ፣ አትቀልጂብኝ። ያ ወይን ኮምጣጤ ነው። ሰላጣ ላይ ቢያፈሱት ሰላጣው ይጮሃል። አንቺ በስድስት ዓመትሽ የእናትሽን ሾርባ አሽትተሽ 'ዛሬ ሽንኩርቱ አሯል' ያልሽ ልጅ ነሽ። ከመቼ ጀምሮ ነው የማትቀምሺው?"

ጀሪካኔን እንዳቀፍኩ ሆዴ ባባ። ሰባት ወር የያዝኩት ሁሉ መንገድ ዳር ፈሰሰ፤ ጉንፋኑን፣ ሐኪሙን፣ የውሸት ጽሑፎቼን፣ ባዶ ድስት ላይ ቆሜ የማለቅሰውን ለቅሶ ሁሉ ነገርኳቸው። "ጋሼ፣ በቃ ላይመለስ ይችላል። ስበላ እንደምደሰት እንኳ ረስቻለሁ" አልኩ።

"ያፅናኑኛል" ብዬ ብጠብቅ፣ አጎቴ አንዞር ያንን ቀጭን ጣታቸውን ደረቴ ላይ ቀስረው፣ "አንድ ነገር ነው የጎደለሽ። የጎደለን ነገር ማግኘት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው" አሉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕረፍት የለም። ጓሮ ወሰዱኝና ያገኙትን ሁሉ አፍንጫዬ ሥር ይደቅኑ ጀመር። የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት። የተቆረጠ ሣር። የበግ ጸጉር። የትራክተር ነዳጅ። እርጥብ ሸክላ።

"ምን ይሸታል?"

"ምንም።"

"እንደገና!"

"ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ!"

"እኔ 'አለ ወይ' አላልኩሽም። ምን ምን እንደሚል አስታውሺና ሳቢ። እንደገና!"

የራሳቸውን ጋን ከፈቱና አቀመሱኝ። "ቀዝቃዛ ነው" አልኩ። "የጉድጓድ ውሃም ቀዝቃዛ ነው! እንደገና!" አሉኝ። እትዬ ላማራ በመስኮት ብቅ ብለው "አንተ ሰውዬ፣ ምነው ልጅቷን እንደ ውሻ ታስሸታታታለህ?" ቢሏቸው፣ "ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነን!" አሉ። ቀጥለውም መስኮቱ ጋ ሄደው "ሽቶሽን አቀብይኝ" አሏቸው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ደክሞኝ የወይን መጭመቂያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በረደኝ መሰለኝ፣ አንዞር ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ያ ኮት እንግዲህ ከትምህርት ቤት ዘመኔ ጀምሮ የማውቀው ነው። አገጬን ወደ አንገትጌው ቀበር አድርጌ ሳለሁ አንድ ነገር አፍንጫዬን ጎነጠኝ። በጣም ሩቅ ነው። ትምባሆ ነው፣ የከረመ አይብ ነው፣ ላብ ነው፣ ያልታጠበ በግ ነው።

"ጋሼ!" ብዬ ተነሳሁ። "ኮትዎ ይገማል!"

አንዞር አማተቡ። "ተመስገን! ላማራ! ላማራ! እገማለሁ!" እያሉ ወደ ቤት ሮጡ። ከውስጥ የእትዬ ላማራ ድምፅ "አርባ ዓመት ስነግርህ!" ሲል ሰማሁ።

እሁድ ጠዋት የነቃሁት ዳቦ ሸትቶኝ ነው። ማንም ያልቀሰቀሰኝ፣ ሰዓት ያላየሁ፣ ዳቦ የቀሰቀሰኝ! በሌሊት ልብሴ ወደ ምድጃው ሮጥኩ። እትዬ ላማራ ከሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ያላቀቁትን ረጅም ዳቦ ሲሰጡኝ ጣቴን አቃጠለኝ፤ ቆሜ ነከስኩት። ቅርፊቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ውስጡ ደግሞ ጣፋጭ ነው። አለቀስኩ። እያለቀስኩ አንዱን ዳቦ ጨረስኩት። አይብ ስጡኝ አልኩ፤ ጨዉ ምላሴን ሲቆነጥጠኝ ሳቅሁ። ከትናንት የተረፈ ቦሎቄ ቀዝቅዞ ድስት ውስጥ ነበር፣ እሱንም በእጄ በላሁት። ሰባት ወር በሰዓት ስትበላ የኖረች ሴትዮ ድስት ስትልስ ቢያዩ እትዬ ላማራም አብረውኝ አለቀሱ። አንዞር የጋናቸውን ወይን ይዘው መጡ። ስቀምሰው መጀመሪያ እንጭጭ ፕሪም የሚመስል ኮምጠጥ ያለ ነገር መጣ፣ ከኋላው ደግሞ የሻይ ቅጠል የመሰለ። ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም።

"ጋሼ፣ ተመለሰልኝ እኮ ነው የምልዎት!"

"ትናንት ኮምጣጤ 'ሰውን የሚያቅፍ' ያልሽ ሰው ነሽ። እንዴት ብዬ ልመንሽ? ይሉኝታ ውሸታም አድርጎሻል" ብለውኝ ወደ ማድ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ሹክሹክታ ይሰማኝ ነበር፤ ክዳን ሊከፍቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ለምሳ ቴንጊዝና እነዚያ ሰባቱ ሰማዕታት መጡ። የፀደይ የበግ ወጣችን ቀረበ፤ በእንጭጭ ፕሪምና በነጭ ወይን የሚበስለው፣ ታርኹና የተባለው ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ የሚነሰነስበት። የዚህ ወጥ ነፍሱ ታርኹና ነው። ለእንግዳዋ አስቀድመው አወጡልኝ። እንደ ሕጉ ሁሉም ማንኪያውን አስቀምጦ ጠበቀኝ።

ጎረስኩ። በጉ አለ፣ ጮማው ምላሴ ላይ ቀለጠ። ፕሪሙ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ አለ፣ ድንብላሉ አለ። ታርኹናው ግን... ፈለግኩት። ድጋሚ ጎረስኩ። ያ ጉሮሮ ላይ ቀዝቀዝ የሚለው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ፀደይ መጣ ማለት የሆነው ሽታ ቦታው ባዶ ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሄደ ማለት ነው። ጠዋት መጥቶ ጎበኘኝና ተመልሶ ሄደ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ሁሉም ሳህን ሳህናቸውን ያያሉ። እትዬ ላማራ ሽርጣቸውን ጨብጠዋል። "ድንቅ ነው" ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሰባት ወር ያልኩት ነው፤ ትናንትም ብየዋለሁ። ደግሞ እንግዳ ሆነሽ፣ በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጠሽ፣ አርባ ዓመት ስትሠራ የኖረችን ሴት ምግብ ታንቋሽሺያለሽ? በመንደራችን ታሪክ እንዲህ ያደረገ እንግዳ የለም። ግን ደግሞ መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር፤ አፍንጫዬ ከሄደም እዚያው በእነሱ ፊት ይሂድ አልኩ።

"እትዬ ላማራ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ምናልባት የእኔ ችግር ይሆናል። ግን... አንድ ነገር ጎድሎታል።"



"ምን?" አሉ አንዞር። ከወንበራቸው ተነስተዋል።

"ታርኹናው። ታርኹናው አይሸተኝም።"

"የለማ!" ብለው ጠረጴዛውን በጡጫቸው ሲመቱት ብርጭቆው ሁሉ ዘለለ። "የለማ! አንዲት ቅጠል የለበትም! እኔ ነኝ እንዳትጨምር የከለከልኳት!"

እትዬ ላማራ ዘለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። "ይሄን ቃል ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ!" እያሉ እንባና ሳቃቸውን ቀላቀሉት። ለካ አንዞር ነገሩን ቅዳሜ ማታ "ለላማራ ብቻ" ነግረዋቸዋል፤ እትዬ ላማራም ለቴንጊዝ ሚስት ብቻ ነግረዋታል፤ ስለዚህ እሁድ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ጉዴን እንደሰማ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባቱም ጎረቤቶች ያን የጎደለ ወጥ አብረውኝ ሊበሉና ትንፍሽ ላይሉ ምለው ነው የመጡት።

ቴንጊዝ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። "እንግዳችን እውነት መናገር ከጀመረች፣ ስለ ትናንቱ ወይን አሁን መናገር ይፈቀድልን ይሆን?"

"ይፈቀዳል" አልኩ።

"ኮምጣጤ ነበር!" ብለው ሰባቱም ባንድ ድምፅ ጮኹ። ያ ጫማው ክር የሌለው ሰውዬ "ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ!" አለ። ቴንጊዝ እየሳቀ ሁለተኛው ጋኑ ደህና መሆኑን ማለልን፤ ጀሪካኔን ግን አልመለስኩለትም፣ ዱባና ቃሪያ እዘፈዝፍበታለሁ።

ከዚያ እትዬ ላማራ ከማድ ቤት ሌላ ድስት ተሸክመው መጡ። ገና በሩ ላይ ሳሉ ሽታው ደረሰኝ። ታርኹና! ድፍን ፀደይ በአፍንጫዬ ገባ። ክቡርነታቸው ድስቱ ጠረጴዛው ላይ እስኪያርፍ እንኳ አልታገሡም። ክዳኑን አነሱ፣ አሸተቱ፣ ያቺን ማንኪያ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቀሉ።

"በል፣ ተናገር" አሉ እትዬ ላማራ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። "ዛሬስ እንኳ!"

"አንድ ነገር ጎድሎታል።"

"ምን!"

"ጨው።"

እትዬ ላማራ ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ፍረጂን። ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫ አለሽ፣ ምላስ አለሽ። ቅመሺና እውነቱን ንገሪው ለዚህ ሰውዬ!"

ቀመስኩ። ያን ጉርሻ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በጉ፣ ፕሪሙ፣ ቅጠሉ፣ ሁሉም በየቦታው ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ብዙ ቆየሁ። እግዜር ያውቃል፣ ለእትዬ ላማራ ብፈርድ በወደድኩ ነበር። አርባ ዓመት የቻሉ ሴት ናቸው።

"ትንሽ ጨው" አልኩ።

"ሁለት ሆኑብኝ!" ብለው ፎጣቸውን ፊቴ ላይ ወረወሩብኝ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ አንዞር አልሳቁም። ጎኔ ቁጭ ብለው በጠረጴዛው ሥር እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙ፣ በሌላው እጃቸው ጨዉን ወደኔ ገፉት።